የዕድሩ መጽሐፍና ሦስቱ የፊደል ቅርጾች

ፒያሳ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የኖረ አንድ ዕድር፣ አባላቱ በከተማዋ ዳርቻ ወዳሉ ሰፈሮች ከተበተኑ በኋላ ታሪኩ በመጽሐፍ እንዲቀመጥለት ፈለገና የገጽ ቅንብሩን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። ብዛቱ 300 ቅጂ፣ ውፍረቱ 112 ገጽ፣ ማለትም ባለ 16 ገጽ ሰባት እጥፋት (አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ የሚሰጠው የገጾች ስብስብ) ነው። ወጪው ከአባላት መዋጮ የሚሸፈን በመሆኑ ለፊደል ቅርጽ (ፎንት) ግዢ የተመደበ ገንዘብ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ገንዘቡ ቢኖርም ኖሮ «ለፊደል ደግሞ ይከፈላል እንዴ?» የሚል ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ከኮምፒውተር ጋር አብረው ከሚመጡትና በነፃ ከሚወርዱት መካከል ሦስት ቅርጾችን መርጬ፣ አንዱን ጽሑፍ በሦስቱም ለቅሜ (ለኅትመት በገጽ ላይ አደራጅቼ)፣ በሦስት ዓይነት ወረቀት አሳትሜ አስተያየኋቸው። ከዚህ በታች የማቀርበው አስተያየት በስክሪን ላይ ያየሁትን ሳይሆን በወረቀት ላይ ያየሁትን የሚመለከት ነው።

የመጀመሪያው ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ይባላል። ጉግል የዓለምን ፊደላት በአንድ የቅርጽ ቤተሰብ ለመሸፈን ካሠራው የኖቶ ስብስብ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ከቀጭኑ እስከ ጥቁሩ ዘጠኝ የውፍረት ደረጃዎች አሉት፤ ከመደበኛው ስፋት ሌላ ጠበብ ጠበብ ያሉ ዝርያዎችም ተሠርተውለታል። ሁለተኛው አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ነው። ይህኛው ከብራና መጻሕፍት የቁም ጽሕፈት ወግ የተቀዳ ሲሆን ውፍረቱ አንድ ብቻ ነው። ሁለቱም ማንም ሰው ያለ ክፍያ አውርዶ እንዲሠራባቸው፣ ለሌላው እንዲያካፍላቸውና እንዲያሻሽላቸው በሚፈቅድ ፈቃድ የወጡ ናቸው። ሦስተኛው ኒያላ ነው፤ ጆን ሃድሰንና ጄራልዲን ዌድ የነደፉት፣ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያወጣው፣ ስሙንም ከደጋ አጋዘን የወሰደ ቅርጽ ነው። እሱም ባለ አንድ ውፍረት ነው። የአፕል ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎች የጄረሚ ኦርኑስን ከፋ ለምን እንደተውኩት ይጠይቁ ይሆናል፤ ቅርጹን እወደዋለሁ፣ ነገር ግን የዕድሩ ጸሐፊም ማተሚያ ቤቱም የሚሠሩት በዊንዶውስ ስለሆነ ነገሩን ማወሳሰብ አልፈለግሁም።

ወደ ቅርጾቹ ከመግባቴ በፊት ስለ ጥሬ ጽሑፉ አንድ ነገር ልበል። መጽሐፉን የጻፉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የአንደኛው ክፍል የተተየበው ከዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት ቁጥር እንዲያውቁ ከሚያደርገው ደንብ፣ በፊት በነበረው አሠራር ነው። ያ ፋይል በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ስለ ዕድሩ መሥራቾች የሚያወራው ምዕራፍ በላቲን ፊደላትና በምልክቶች የተሞላ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው፤ ይህን ያህል ዘመን አልፎም የድሮው አሠራር ፋይሎች ከየመሳቢያው እየወጡ ነው። መቀየሪያ ፕሮግራም አብዛኛውን ይመልሳል፤ ዲቃላ ፊደላቱን ግን፣ ማለትም እነ ኋን፣ ቷንና ሟን፣ በዐይን እያዩ ማረም የግድ ነው። ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል።

ለሙከራው የመረጥኩት ክፍል የመሥራቾቹን ታሪክ የሚተርኩ ሦስት አንቀጾችን፣ ከአንድ ቃለ ጉባኤ የተወሰደ ጥቅስን፣ ሁለት የግርጌ ማስታወሻዎችንና ከስም ዝርዝሩ አንድ ገጽን የያዘ ነው። ዋናውን ጽሑፍ በ11 ነጥብ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው)፣ የግርጌ ማስታወሻውን በ9 ነጥብ ለቀምኩት፤ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት 16 ነጥብ አደረግሁት። ይህ ርቀት የላቲን መጽሐፍ ለለመደ ሰው ብዙ ሊመስለው ይችላል። የእኛ ፊደል ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ቁመቱ ሙሉ ነው፤ እንደ ላቲኑ ትንንሽ ፊደላት ከላይና ከታች ክፍት ቦታ ትቶ ስለማያልፍ፣ መስመሮቹ ከተጠጋጉ ገጹ እንደ አጥር ይደፈናል። በአገራችን ከሚታተሙት መጻሕፍት ብዙዎቹ ዐይን የሚያደክሙት ፊደላቸው ስለከፋ ሳይሆን ወረቀት ለመቆጠብ ሲባል መስመሩ ስለተጨናነቀ ይመስለኛል።

ሦስቱንም በ80 ግራም ነጭ ወረቀት፣ በ80 ግራም ክሬም ወረቀትና በጋዜጣ ወረቀት አሳተምኩ። በነጩ ወረቀት ላይ ሦስቱም ጨዋ ናቸው። ልዩነቱ የወጣው ቀለም በሚመጥጠው ወረቀት ላይ ነው፤ የወጣውም በአንድ በጣም ትንሽ ነገር፣ በኃምሱ ቀለበት ነው።

ፊደል የቆጠረ ሁሉ እንደሚያውቀው ሣልሱ በቀኝ እግሩ ጫፍ ላይ አጭር ሰረዝ፣ ኃምሱ ደግሞ በዚያው ቦታ ላይ ትንሽ ቀለበት ይይዛል። በቢ እና በቤ መካከል ያለው ልዩነት ያ ቀለበት፣ በቀለበቱም ውስጥ ያለው የስፌት ቀዳዳ የምታህል ነጭ ቦታ ነው። ወረቀቱ ቀለሙን መጥጦ ያቺ ቀዳዳ ከተደፈነች ቀለበቱ ወደ ወፍራም ሰረዝነት ይቀየራል። በጋዜጣው ወረቀት ላይ በ9 ነጥብ የታተመውን የግርጌ ማስታወሻ ሳነብ «ቤተልሔም» የሚለው ስም «ቢተልሒም»፣ «ቤተሰብ» የሚለው ቃል «ቢተሰብ» እየመሰለ ታየኝ። አንባቢ ቃሉን ስለሚያውቀው አይሳሳትም ይባል ይሆናል፤ በልብ ወለድ እውነት ነው፤ በስም ዝርዝር ግን አይሠራም፤ የሰው ስም ከአገባብ አይገመትምና።

በዚህ ፈተና ኖቶ ሰሪፍ ከሦስቱ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። ቀለበቶቹ ከፈት ያሉ ናቸው፤ በተለይ ከመደበኛው አንድ ደረጃ ቀጠን ያለውን ውፍረት ስጠቀም በጋዜጣ ወረቀት ላይ እንኳ ሣልሱና ኃምሱ ተለይተው ቆሙ። አቢሲኒካ በ11 ነጥብ እጅግ ያምራል፤ በ9 ነጥብ ግን ወፍራሙ የእግር ጭረቱ ቀለበቱን ይጫነዋል። ኒያላ ፈጠን ያለ የብርዕ ጠባይ ያለው፣ ቀጭን፣ ለግጥም የተፈጠረ የሚመስል ቅርጽ ነው፤ ይሁንና በዐይን ሲለካ ከሁለቱ ያነሰ በመሆኑ 11 ነጥቡ የሌሎቹን ያህል አይሞላም፤ ነጥቡን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የግርጌ ማስታወሻ ላይ ባላየው እመርጣለሁ።

ናሙናዎቹን ይዤ በእርሳስ ፊደል ዘመን ለብዙ ዓመታት በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ወደነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ወዳሉ የሰፈራችን አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር እስኪደርስ አስጠጉት። አንድም ቃል ሳያነቡ መጀመሪያ ያደረጉት ገጹን መገልበጥ ነው። ጽሑፉ ተዘቅዝቆ እያለ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና «ይኸኛው ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አለው» ብለው በጥፍራቸው የአቢሲኒካውን የግርጌ ማስታወሻ ሦስት ቦታ ነካኩት። ሦስቱም ቦታ ኃምስ ነበር።

«ጋሼ፣ ለምን ዘቅዝቀው ያዩታል?» አልኳቸው።

«ካነበብከው ቃሉ ያታልልሃል ልጄ። እኛ ዕድሜያችንን በሙሉ ፊደሉን የለቀምነው ገልብጠን ነው፤ ዐይኔ የለመደው ይህንኑ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የሙከራ ገጽ ዘቅዝቄ ሳላይ አላልፍም። ስለ እርሳሱ ፊደል ሲያጫውቱኝ 33ቱ የፊደል ዘሮች በ7 ተባዝተው የሚሰጡት 231 ፊደል፣ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ተጨምረውበት ሁሉም በየጉረኖው፣ ማለትም በፊደል ሣጥኑ ውስጥ ባሉት ትንንሽ ክፍሎች፣ ይቀመጥ እንደነበር፣ ጀማሪ ለቃሚ የእያንዳንዱን ጉረኖ ቦታ እጁ እስኪያውቀው ድረስ ወራት ይወስድበት እንደነበር ነገሩኝ። እርሳሱ ሲያረጅ ቀድሞ የሚደፈነውም ያው ቀለበቱ ነበር። ለካስ የእኔ «ግኝት» ለእሳቸው የዕለት እንጀራ ነበር።

በግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን ቋንቋውን በዚያው በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሯል፤ ቋንቋውንም «ከለዳዊ» ብሎ ነበር የጠራው። ከዚያ ወዲህ 500 ዓመት አልፏል። አሁን በጠረጴዛዬ ላይ ያሉት ሦስቱም ቅርጾች የወጡት መቀመጫቸው ባሕር ማዶ በሆነ ድርጅቶች ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ሥራቸውን በነፃ ወስጄ የምሠራበት ሰው ልወቅሳቸው አይገባኝም። የምለው ፊደሉ በእኛ የጋዜጣ ወረቀት፣ በእኛ ማሽንና በእኛ የቀለም አጨማመር እንዴት እንደሚወጣ የሚያውቀው እዚሁ ያለ ሰው ስለሆነ፣ ለትንሽ ነጥብ ተብሎ ቀለበቱ ሰፋ ተደርጎ የተነደፈ ቅርጽ ከዚሁ ከአዲስ አበባ ብጠብቅ ተገቢ ነው ለማለት ነው።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ የቃላት ክፍተት ነው። የዕድሩ ሽማግሌዎች የገጹ ዳርና ዳር እኩል እንዲሆን አጥብቀው ጠየቁ፤ ወደ ቀኝ የተንጨባረረ ገጽ ለእነሱ ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው። በብራና መጻሕፍት ዳርና ዳሩ እኩል የሚሆነው ጸሐፊው ቃሉን የትም ቦታ ቆርጦ ወደሚቀጥለው መስመር ስለሚያሻግረው ነው፤ ቃላትን የሚለየውም ሁለት ነጥብ ስለሆነ አንባቢው አይደናገርም። የዛሬው ፕሮግራም ግን መስመሩን የሚቆርጠው ባዶ ቦታ ባለበት ብቻ ነው። አማርኛ ደግሞ «እንዳልተመዘገቡላቸውም» የሚል ቃል በአንድ ትንፋሽ የሚናገር ቋንቋ ነው። እንዲህ ያለው ቃል ወደ ታች ሲወርድ ከላይ የቀሩት አራት ቃላት ተበታትነው፣ በመካከላቸው እንደ ቦይ የሚወርድ ነጭ ክፍተት ይፈጠራል። ይህ የሦስቱም ቅርጾች ጥፋት አይደለም፤ ሆኖም ፊደሉ ሰፋ ባለ መጠን በአንድ መስመር የሚገቡት ቃላት ስለሚያንሱ ችግሩ ይብሳል። ለዚህ መፍትሔ የሆነኝ ኖቶ ሰሪፍ ነው፤ ጠበብ ያለውን ዝርያ በጥቂቱ ስጠቀም ቦዮቹ በግማሽ ያህል ቀነሱ። በአቢሲኒካ ይህ ምርጫ ስለሌለ የገጹን ኅዳግ አጥብቤ መስመሩን ማስረዘም ነበረብኝ።

ጥንታዊ መልክ ለመስጠት ብዬ በግዕዝ ጥቅሶቹ ውስጥ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ አገባሁ። ውጤቱ አስደሳች ቢሆንም ባዶ ቦታ የሌለበትን መስመር ዳርና ዳሩን እኩል አድርግ ሲባል ፕሮግራሙ የሚዘረጋው ነገር ስለሚያጣ ፊደላቱን እርስ በርስ ያራርቃቸዋል፤ ስለዚህ ከነጥቡ በኋላ ቀጭን ክፍተት በእጅ መጨመር አስፈልጓል። ለአንድ ገጽ ጥቅስ የሚቻል ነው፤ ለሙሉ መጽሐፍ ማንንም አልመክርም። የግዕዝ ቁጥሮቹ በሦስቱም ደህና ናቸው።

ስለ ደማቅ ፊደል ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ መጽሐፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። አቢሲኒካና ኒያላ ደማቅ ዝርያ የላቸውም። በፕሮግራሙ ላይ የ«ቦልድ» ምልክትን ስንጫን የምናገኘው ንድፍ አውጪው የሳለውን ደማቅ ፊደል ሳይሆን ኮምፒውተሩ የፊደሉን ዙሪያ በዘፈቀደ አወፍሮ የሚሰጠንን ነው። ጭረቱ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ያብጣል፤ ቀለበቶቹ ይደፈናሉ፤ የጨ ሦስት እግሮች ተጣብቀው አንድ ግድግዳ ይሆናሉ። በስክሪን ላይ «ደህና ነው» ተብሎ ያልፋል፤ በወረቀት ላይ ግን የምዕራፉ ርዕስ የጭቃ ጅራፍ የነካው ይመስላል። ኖቶ ሰሪፍ ሰው የሠራው ደማቅ ዝርያ ያለው መሆኑ ለመጽሐፍ ሥራ ከሁሉ የበለጠ ብልጫው ነው። በመጨረሻ የደረስኩበት ውሳኔ ዋናውን ጽሑፍ በአቢሲኒካ፣ ርዕሶቹን በኖቶ ሰሪፍ ከፊል ደማቅ፣ የግርጌ ማስታወሻውንና የስም ዝርዝሩን በኖቶ ሰሪፍ መደበኛና ጠባብ ማድረግ ነበር። ሙሉውን ደማቅ ከአቢሲኒካ ጎን ሳስቀምጠው ይጮህበታል፤ ከፊል ደማቁ ግን ተስማማው። ኒያላን የመታሰቢያ ግጥም ላለበት አንድ ገጽ በ14 ነጥብ ተጠቀምኩበት፤ ያ ገጽ ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ሆኗል።

ስለ ኅትመት አገልግሎቱም ጥቂት ማለት ይገባኛል። ሥራውን የሰጠሁት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ለሚገኝ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ነው። ስሙን የማልጠቅሰው የምናገረው ነገር በእነሱ ብቻ የሚታይ ስላልሆነ ነው። ፊደላቱ አብረው የተቀመጡበትን ፒዲኤፍ ይዤ ብሄድም፣ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ልጅ ገጾቹን በእጥፋት ለመደርደር ዋናውን ፋይል ካልሰጠኸኝ አለ። ሰጠሁት። በማግስቱ የመጀመሪያው 16 ገጽ ታትሞ ሳየው አቢሲኒካ የለም፤ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ስላልተጫነ ፕሮግራሙ ምንም ሳይናገር በሌላ ቅርጽ ተክቶታል። መስመሮቹ ተገፍተዋል፤ የምዕራፍ ሁለት ርዕስ በገጹ ግርጌ ብቻውን ቀርቷል። ልጁን ባሳየው «ጋሼ፣ ያው ፊደል አይደለም እንዴ? ይነበባል እኮ» አለኝ። ጋሼ መባሌ ይሁን መልሱ፣ የትኛው ይበልጥ እንዳሳዘነኝ አላውቅም። እጥፋቱ እንደገና ታተመ፤ ለወረቀቱ ግማሹን እኔ ከፈልኩ። ፋይል የምትሰጡ ሰዎች ፎንቱንም አብራችሁ ስጡ፤ ካልተቀበሏችሁም ከፒዲኤፉ ንቅንቅ አትበሉ።

በሌላ በኩል የጥረዛ ክፍላቸውን ሳላመሰግን አላልፍም። በሙጫ ብቻ የተለጠፈ መጽሐፍ አንድ ክረምት ሳይሞላው ቅጠሉን እንደሚያራግፍ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ግን ሰባቱን እጥፋት በክር የሚሰፉ አንዲት ሴት አሉ፤ መርፌውን ሰም ባስነኩት ክር እየሳቡ 300ውን ቅጂ በእጃቸው ሰፍተውታል። መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ተዘርግቶ ይቀራል። ለክሩ የተከፈለው ተጨማሪ ዋጋ ከሽፋኑ ላሚኔሽን ያነሰ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ክሩን እመርጣለሁ።

በእግረ መንገድ፣ ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባሉት የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ በየጊዜው አዳዲስ የአማርኛ ቅርጾች አያለሁ፤ የአገራችን ወጣት ዲዛይነሮች እጅ እንዳለበት ያስታውቃል። አንዳንዶቹ ድንቅ ናቸው። ብዙዎቹ ግን በላቲን ፊደል ላይ ተለክተው የተቆረጡ ናቸው፤ ሀ የላቲን ዩ፣ በ የተገለበጠ ዩ ይሆናል፤ ውፍረቱ በሁሉም ጭረት ላይ እኩል ስለሚሆን የብርዕ ትዝታ አይቀርም። ለካፌ ስምና ለአልበም ሽፋን ይበቃል። ከእነዚህ በአንዱ 112 ገጽ ለመልቀም የሚደፍር ሰው ግን አላውቅም፤ ዕድሩ ለርዕስ እንዲሆን ብሎ አንዱን ሲያቀርብልኝ ለሽፋኑ ብቻ ተቀብዬዋለሁ፤ አሁን ሳየው እሱንም ባልቀበል ይሻል ነበር።

መጽሐፉ ለአባላቱ ተከፋፍሎ አልቋል፤ ዕድሩ ሌላ 100 ቅጂ እንዲታተም ጠይቋል። ለሁለተኛው እትም የግርጌ ማስታወሻውን ወደ 9.5 ነጥብ ከፍ አድርጌዋለሁ፤ በስም ዝርዝሩ ውስጥ በእኔ ስሕተት በእሳቱ ሰ የተጻፉትን ሁለት ሣህሉዎች ወደ ንጉሡ ሠ መልሻቸዋለሁ። የሽፋኑን ርዕስም በኖቶ ሰሪፍ ጥቁር ለውጬ ናሙናውን ለጋሼ ልኬላቸዋለሁ፤ ዘቅዝቀው አይተው እስኪመልሱልኝ እየጠበቅሁ ነው።